«ፓራዳይም ሺፍት» የምትሉት ሰውዬ ፊዚሲስት ነበር

በዚህ ከተማ «ፓራዳይም ሺፍት» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወርክሾፕ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ቃሉ ከሻይ ዕረፍት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ እንዳይጥለን ሁለት ጊዜ ይነሳል። ባንኩ አዲስ አፕሊኬሽን ሲያወጣ ፓራዳይም ሺፍት ነው። መሥሪያ ቤቱ ባለጉዳዩን ከሦስት ቁጥር መስኮት ወደ ሰባት ቁጥር መስኮት ሲያዞረው እሱም ፓራዳይም ሺፍት ነው። አነቃቂ ንግግር የሚያደርገው ወንድማችን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሱ ሲለን ያው ፓራዳይም ሺፍት ነው። እኛ ጋዜጠኞችም አንሰማም አይባልም፤ ጽፈን ዜና እናደርገዋለን።

ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ በዓለም ሁሉ አፍ ላይ ያስቀመጠው ሰው ቶማስ ኩን ይባላል። ዛሬ ስለ ቃሉ ብዙ ማለት አልፈልግም። የምጽፈው ስለ ሰውዬው ነው። ይበልጥ ግን ስለ እኛ ነው፤ ቃሉን እንደ ጉድ ወደን፣ እንዲህ ዓይነት ሰው የሚወጣበትን መንገድ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል በር ላይ ስለምንዘጋው ስለ እኛ።

ሒሳብ ከብዶት አይደለም

(የምጠቅሳቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኩን በ1922 አሜሪካ ውስጥ ሲንሲናቲ ከተማ ተወለደ። ሃርቫርድ ገብቶ ፊዚክስ አጠና። በ1943 የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲይዝ ዓለም በጦርነት እየነደደች ነበር፤ እሱም እንደ ብዙ የዘመኑ ፊዚሲስቶች ራዳር ላይ ሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ በ1949 ዶክትሬቱን በዚያው በፊዚክስ ያዘ። አማካሪው ጆን ቫን ቭሌክ ነበር፣ በኋላ በ1977 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በምክንያት ነው። እኛ አገር አንድ ልጅ ፍልስፍና አጠናለሁ ሲል የሚመጣበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ውጤትህ አልደረሰልህም እንዴ?» የሚል ነው። ፍልስፍና የተባረረ ሰው መጠለያ ይመስለናል። ኩን ከማንም አልተባረረም፤ በዘመኑ ከነበሩት የፊዚክስ ቤቶች ከምርጦቹ በአንዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዶክትሬቱ እጁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው ሌላ ጥያቄ የያዘው።

ጥያቄውን ያመጣበት ሰው ደግሞ ፈላስፋ አልነበረም። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄምስ ኮናንት ኬሚስት ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካን የጦር ምርምር ከመሩት ሰዎች አንዱ ነው፤ የአቶም ቦምቡ ሥራም በእጁ አልፏል። ይህ ሰው ከሂሮሺማ በኋላ ያሳሰበው ነገር ቀላል ግን ከባድ ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ሳይንስ የሚወስኑት ሳይንቲስቶች ብቻ አይደሉም። የሕግ ሰው ይወስናል፣ ፖለቲከኛ ይወስናል፣ ጋዜጠኛ ይጽፋል፣ መራጩ ሕዝብ ድምፅ ይሰጣል። እነዚህ ሰዎች ቀመር መሸምደድ አያስፈልጋቸውም፤ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሳሳት፣ ስህተቱን እንዴት እንደሚያርም ማወቅ ግን የግድ ነው። ስለዚህ ለሳይንስ ተማሪ ላልሆኑ ልጆች፣ ሳይንስን በታሪኩ የሚያስተምር ኮርስ አቋቋመ። እንዲያግዘው ከጠራቸው ወጣቶች አንዱ ኩን ነበር።

ኮርሱ የተዘጋጀው ለእነማን እንደሆነ አስተውላችኋል? ለእኔ ዓይነቱ። ለ«ሶሻሎቹ»።

አርስቶትል ሞኝ ነበር እንዴ?

በ1947 ኩን ለዚያ ኮርስ ሲዘጋጅ የአርስቶትልን የፊዚክስ ጽሑፍ አነበበ። ጥያቄው የፊዚክስ ተማሪ ጥያቄ ነበር፤ አርስቶትል ስለ ሜካኒክስ ምን ያህል ያውቅ ነበር፣ ለጋሊልዮና ለኒውተን የተዉላቸውስ ምን ያህል ነው? መልሱ ቶሎ መጣ። አርስቶትል ምንም አያውቅም። እንዲያውም የጻፈው ሁሉ ስህተት ብቻ ሳይሆን ቂልነት መሰለው።

ሌላ ሰው ቢሆን መጽሐፉን ዘግቶ «የድሮ ሰዎች» ብሎ ይስቅ ነበር። ኩንን የከነከነው ግን ሌላ ነገር ነው። በሥነ ሕይወትና በፖለቲካ እንዲያ አስተዋይ የነበረ ሰው፣ ለዘመናት ሊቃውንት የተከተሉት ሰው፣ ስለ እንቅስቃሴ ሲጽፍ ብቻ እንዴት ሞኝ ይሆናል? ምናልባት ጥፋቱ የአንባቢው ቢሆንስ?

እያሰበ ቁጭ ባለበት ነገሩ በራለት። ለአርስቶትል እንቅስቃሴ ማለት ድንጋይ ከዚህ እዚያ መሄዱ ብቻ አልነበረም። ዘር በቅሎ ዛፍ መሆኑም፣ በሽተኛ መዳኑም እንቅስቃሴ ነው። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሌላ። አርስቶትል መጥፎ የኒውተን ተማሪ አልነበረም፤ የራሱ ዓለም የነበረው ሰው ነው። በዚያ ዓለም ውስጥ ገብተህ ስታነበው ቂልነት የመሰለው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ከዚያች ቅጽበት እስከ 1962 ድረስ የኩን ሕይወት ይህን ነገር የማብራራት ትግል ነበር ማለት ይቻላል። በ1962 «የሳይንሳዊ አብዮቶች አወቃቀር» ታተመ። ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል።

ከሁለት ያጣ ጎመን

ከላይ የነገርኳችሁ ሲነበብ ሁሉም በቀይ ምንጣፍ የተቀበለው ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። ሃርቫርድ ቋሚ ቦታ ከለከለው። በ1956 ወደ በርክሌይ ሄደ። እዚያ የጠሩት የፍልስፍና ክፍል ሰዎች ነበሩ፤ ሥራው ግን በፍልስፍናና በታሪክ ክፍሎች መካከል ተከፈለ። በ1961 ሙሉ ፕሮፌሰር መሆን ሲገባው ከፍተኛዎቹ ፈላስፎች «እሺ፣ ግን በታሪክ ክፍል ይሁን» አሉ። ሰውዬው ፈላስፋ ነኝ ብሎ ነበር የሚያስበው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ሲያወራው ቁስሉ ይሰማል። ፊዚሲስቶቹ ጥሎን ሄደ አሉ፣ ፈላስፎቹ የእኛ አይደለም አሉ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይኼ ነው።

ግን ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ በር ነበረ። በ1964 ፕሪንስተን ወሰደው። በ1979 ኤም.አይ.ቲ. የፍልስፍና ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠረው፤ ልብ በሉ፣ የመሐንዲሶች መካ የሚባለው ኤም.አይ.ቲ.! በ1996 እስኪሞት ድረስ ያነበበውና የጻፈው ስለ አንድ ነገር ነበር።

ፊዚክሱስ ባክኖ ቀረ? በፍጹም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኳንተም ፊዚክስን የፈጠሩት ሰዎች ሳያልፉ ትዝታቸውን በቃለ መጠይቅ የሚሰበስብ ትልቅ ፕሮጀክት መራ። ኒልስ ቦር በኖቬምበር 1962 ሲሞት ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጋር ያደረገው የመጨረሻ ቃለ መጠይቅ የአንድ ቀን ዕድሜ ነበረው። በ1978 ደግሞ ስለ ማክስ ፕላንክ በጻፈው መጽሐፍ ሁሉም የሚያውቀውን ተረት ነካ። የኳንተም ሐሳብን በ1900 ፕላንክ አመጣው ይባላል አይደል? ኩን የፕላንክን ስሌት መስመር በመስመር ተከትሎ፣ ሰውዬው በዚያን ጊዜ ኃይል ተቆራርጦ ይሄዳል ማለቱ እንዳልነበረ፣ ያንን በግልጽ ያዩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንስታይንና ኤረንፌስት እንደሆኑ ተከራከረ። ብዙዎች ተቃወሙት፤ ክርክሩ አሁንም አልበረደም። ነገር ግን ይህን ክርክር ማንሳት የሚችለው ስሌቱን የሚያነብና «ፕላንክ ሲጽፈው ምን ማለቱ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ችሎታ ብቻውን አያደርስም።

ሦስት ተቃውሞዎች

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ።

አንደኛው ተቃውሞ ከላይ ነው የሚመጣው። ስቲቨን ሆኪንግ ከሌናርድ ሞሎዲኖው ጋር በ2010 ባወጣው መጽሐፍ ገና መግቢያው ላይ ፍልስፍና ሞታለች ብሎ አወጀ፤ ምክንያቱም የፊዚክስን ርምጃ መከተል አቅቷታል። የኖቤል ተሸላሚው ስቲቨን ዋይንበርግም በ1992 መጽሐፉ ውስጥ ፍልስፍናን የሚቃወም ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል፤ በኩንም ላይ ለብቻው ብዕሩን አንስቷል። እነዚህ ተራ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን ሆኪንግ ፍልስፍናን ቀብሮ ገጹን ገለጥ ሲያደርግ ምን አደረገ? እውነታን የምናውቀው በምንሠራው ሞዴል በኩል ብቻ ነው የሚል አቋም ይዞ መከራከር ጀመረ። ይኼ ምንድን ነው? ቴሌስኮፕ ያየው ነገር ነው? ፍልስፍና ነው! ተዝካሯን እያወጣ እሷኑ ቡና አስፈላት።

አንስታይን ግን አልደበቀም። በርን ከተማ ውስጥ ገና ወጣት ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሂዩምን፣ ማኅን፣ ፖይንካሬን ማታ ማታ እየተሰበሰበ ያነብ ነበር። በ1905 የጠየቀው ጥያቄ «ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሆኑ ስንል ምን ማለታችን ነው?» የሚል ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኛ ክፍል ውስጥ የሚያነሳ ተማሪ «ፈላስፋ!» ተብሎ ይሳቅበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የራሳችን ነው፤ የእንጀራ ጥያቄ ነው። «ለደሃ አገር ፍልስፍና ምን ይሠራል? መንገድ እንሥራ፣ ግድብ እንሥራ» ይባላል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ሰባው በመቶ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በመቶ ማኅበራዊ ሳይንስ ይማሩ ብሎ የወሰነው በዚህ መንፈስ ነው። ለመንገዱም ለግድቡም ክብር አለኝ፤ ያለ መብራት ይህን አልጽፍም ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። 70 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከላቦራቶሪ አልወጣም። ከቀመር አልተሰላም። የትኛው ዕውቀት ለአገር ይበጃል፣ ሰው የሚማረው ለምንድን ነው የሚል አቋም ነው በቁጥር የተጻፈው። እሱ ደግሞ ፍልስፍና ነው፤ ያውም ማንም ያልተከራከረበት ፍልስፍና። ፍልስፍና ሲባረር የሚሄድ ነገር አይደለም። ከበሩ ስታስወጡት በጓሮ ይገባና ፖሊሲ ሆኖ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ጠንካራው ነው፣ ምክንያቱም ከራሱ ከኩን አፍ የተወሰደ ነው። ኩን ሳይንስ ብዙውን ጊዜ የሚራመደው ተማሪው በጠባቡ ሲሠለጥን ነው ብሏል። የመማሪያ መጽሐፉን ይዞ፣ የተሰጡትን ጥያቄዎች እየፈታ፣ መሠረቱን ሳይጠይቅ። «መደበኛ ሳይንስ» ያለው ይህን ነው። በ1965 ለንደን ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ ካርል ፖፐር በዚህ ነገር ተከራክሮታል፤ ለፖፐር እንዲህ የሠለጠነ ሰው በደንብ ያልተማረ፣ የሚታዘንለት ሰው ነው። ኩን ግን አልተንቀሳቀሰም። ታዲያ እዚህ ያለው የእኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሳያውቀው የኩን ደቀ መዝሙር ሆነ ማለት ነው?

አይደለም። ኩን የተናገረለት ጠባብነት ዋጋ የሚያገኘው፣ ጠባቡ ጎዳና መጨረሻ ላይ ያልተፈታ የምርምር እንቆቅልሽ ሲጠብቅ ነው። ወጣቱ ሳይንቲስት ላቦራቶሪ አለው፣ የሚፎካከሩት ባልደረቦች አሉት፣ የሚጽፍበት መጽሔት አለው። እንቆቅልሹ አልፈታም ሲል ያ ጠባብነት ራሱ «አንድ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ይጮኻል። አብዮቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። እኛ የወሰድነው ጠባብነቱን ብቻ ነው። እንቆቅልሹ ሃምሳ ዓመት በፊት ተፈትቶ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ታትሟል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ብቻ የሚፈታ ተማሪ ወደ ቀውስም ወደ አብዮትም አይደርስም፤ ወደ ፈተና ነው የሚደርሰው።

«ኃይል» ስንት ነው?

«ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እንግዲያውስ አማርኛ እናውራ።

መብራት ኃይል እንላለን። ኃይል ሰጪ ምግቦች እንላለን። በኃይል ገፋው እንላለን። አንድ ቃል ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ እንደየክልሉ ሰባተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ፊዚክስ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ ያ አንድ ቃል ድንገት ሦስት ይሆናል። ፓወር፣ ኢነርጂ፣ ፎርስ። አንዱ በዋት፣ አንዱ በጁል፣ አንዱ በኒውተን ይለካል። መምህሩ ሦስቱንም ሲያብራራ ተመልሶ «ኃይል ማለት ነው» ይላል። ልጁ አልገባኝም ሲል ሰነፍ ይባላል። አንዳንዱ በዚያው «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» ብሎ ወደ ሶሻል ይሄዳል።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ኩን አርስቶትልን ሲያነብ የገጠመው ነገር ነው የገጠመው፤ ቃሉ አንድ፣ ዓለሙ ሌላ። ኩን በኋለኛው ዘመኑ የሠራው በዚሁ ላይ ነበር። የአንድ ንድፈ ሐሳብ ቃላት አንድ በአንድ አይተረጎሙም፤ «ፎርስ» እና «ማስ» የሚገቡት ከኒውተን ሕግ ጋር አብረው፣ እንደ ቤተሰብ ነው አለ። መፍትሔውም ቃል በቃል መተርጎም ሳይሆን ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው መሆን ነው። ሁለት ቋንቋ! እኛ እኮ ከልጅነታችን ጀምሮ በሁለት በሦስት ቋንቋ የምንኖር ሰዎች ነን። የሃርቫርድ ተማሪ በሃያ አምስት ዓመቱ የደረሰበት ግርምት የእኛ ልጆች በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ይኖሩበታል። ግን ይህን አንስቶ የሚጽፍ፣ ፊዚክሱን የሚያውቅ፣ አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ወይም ትግርኛውን የሚያውቅ፣ ቃል እንዴት ትርጉም እንደሚይዝ ያጠና ሰው የት ይቀጠራል? በየትኛው ክፍል? ማን ዕድገት ይሰጠዋል? ፊዚክስ ክፍሉ «ይሄ የቋንቋ ነገር ነው» ይላል። ቋንቋ ክፍሉ «ይሄ ፊዚክስ ነው» ይላል። ኩንን በርክሌይ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ገፋው፤ የእኛውን የሚቀበለው ሌላ ክፍል የለም።

እና ምን ይደረግ?

በ2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ፣ ሎጂክና ጥልቅ አስተሳሰብ ለሁሉም ተማሪ፣ ለሳይንሱም ለሶሻሉም፣ ኮርስ ሆኖ መጣ። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ መሳደብ ብቻ ሥራችን አይደለም። ግን ያንን ኮርስ የወሰደ ልጅ ጠይቁ። የስህተት ዓይነቶችን ስም ሸምድዶ፣ ምርጫ ከበበና ወጣ። ጋሊልዮ ለምን አሸነፈ፣ ፕላንክ ምን ማለቱ ነበር፣ አንድ ሙከራ ንድፈ ሐሳብን የሚጥለው መቼ ነው የሚለውን ማንም አልነገረውም። ድልድይ ተሠርቷል፤ ከሁለቱም ወገን መንገድ አልደረሰውም።

የምጠይቀው ሰማይ የሚነካ አይደለም። ያንን ኮርስ ከእውነተኛ የሳይንስ ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች አስተምሩት፤ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ የሚያነብ መምህር እንጂ። ሶሻል የገባ ልጅ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያይበት አንድ ኮርስ ይኑረው፤ ነገ ስለ ክትባት፣ ስለ ግድብ፣ ስለ ዘር የሚዘግበውና የሚፈርደው እሱ ነው። ፊዚክስ የሚማር ልጅ ከፈለገ ፍልስፍናን በሁለተኛ ደረጃ አብሮ ይማር፤ ዲግሪው ላይም ይጻፍለት። ሁለት ክፍሎች አንድ መምህር በጋራ መቅጠር ይቻላቸው። ይህን ለማድረግ የውጭ ብድር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኩን ይወጣል ብዬ ቃል አልገባም። ሰው በፖሊሲ አይፈለፈልም። ፓራዳይምም በስብሰባ አይቀየርም፤ ኩን ያለው እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። አሮጌው መንገድ የራሱን ጥያቄ መመለስ ሲያቅተው፣ ችግሩን ደጋግመው ያዩ ሰዎች ሲጨነቁ፣ አንዱ ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ሲያይ ነው የሚቀየረው። ብዙ ጊዜ ያ አንዱ ወጣት ነው፣ ወይም ለሙያው አዲስ ነው።

ያ ወጣት ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ይሆናል። ፊዚክስ ይወዳል፤ «ጊዜ ማለት ምንድን ነው?» ብሎም እናቱን ያሰለቻል። ሊሞላ የሚሰጠው ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱን ምረጥ እንለዋለን፤ ሌላውን ግማሹን ራሱን እዚያው ትቶ ይሄዳል።